«ቪፒኤን ከጫንኩ ወዲህ መልእክት አይገባልኝም» - ችግሩ የት ነው?



ውድ ሙስሊሙ ህብረተሰብ! በየመድረሳችን ከመግሪብ በኋላ ደረሶችና ወላጆች ከቂርኣቱ ጎን የስልክ ጥያቄ ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ሆኗል። አብዛኛው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቪፒኤን ከጫንኩ ወዲህ መልእክት አይገባልኝም፤ ከኔም አይወጣም።» ይህን ጉዳይ እንደ ትንሽ ነገር አናየውም። የጀናዛ ጥሪ ዛሬ የሚደርሰን በስልክ ነው። ሪያድና ዱባይ ያሉ እህቶቻችን ደህንነታቸውን የሚነግሩን በስልክ ነው። የላኩት ገንዘብ መግባቱን የምናውቀውም እዚያው ላይ ነው። መልእክቱ ሲዘገይ የጀናዛ ሀቅ ይጓደላል፣ የእናት ልብ ተንጠልጥሎ ያድራል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ከስልካችን የሚወጣ መልእክት ሁለት መንገድ አለው። ኤስኤምኤስ የምንለው ተራ የጽሑፍ መልእክት እንደ ስልክ ጥሪ በቴሌኮም አንቴና በኩል ይሄዳል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ቴሌግራም፣ ዋትሳፕና ኢሞ ግን የሚሄዱት በኢንተርኔት ነው። ቪፒኤን የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። የኢንተርኔት ግንኙነታችንን በምስጢር ጠቅልሎ ሌላ ቦታ፣ ብዙ ጊዜም ሌላ አገር ባለ ሰርቨር በኩል ያሳልፈዋል። በአንቴና የሚሄደውን ኤስኤምኤስ አያፈጥነውም፣ አያግደውም፣ አይደብቀውም።

ስለዚህ የባንክ መልእክት አልገባ ሲል ቪፒኤኑን አጥፍተን እንሞክር። ጠፍቶም ካልገባ ጥፋቱን ሌላ ቦታ እንፈልግ። ኔትወርክ አለ ወይ? ለመላክ የሚበቃ ሂሳብ አለ ወይ? ሁለት ሲም ላለው ስልክ፣ መልእክቱ የሚወጣው በየትኛው ሲም ነው? የስልኩ ሚሞሪ ሞልቷል ወይ? ላኪው ሳናውቀው «ስፓም» ወይም የታገዱ ቁጥሮች ውስጥ ገብቷል ወይ? ኤርፕሌን ሞዱን ለአፍታ አብርቶ ማጥፋትም ስልኩን ከኔትወርኩ ጋር እንደ አዲስ ያገናኘዋል። ሌላም አለ። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ሲሆን በላቲን ፊደል የተጻፈው 160 ይይዛል። ረዘም ያለው የአማርኛ መልእክት ተቆራርጦ እንደ ሁለትና ሦስት መልእክት ስለሚሄድ ሂሳብ ቶሎ ያልቃል። የጀናዛ ጥሪ በአጭሩ ይጻፍ የምንለው ለዚህም ጭምር ነው።

ቪፒኤን በእርግጥ የሚያስቸግርበት ቦታም አለ። የጉግል መልእክት መተግበሪያና የአይፎን መልእክት፣ ሁለቱም ወገን አገልግሎቱን ካበሩ፣ ኤስኤምኤስ መስለው በኢንተርኔት ይሄዳሉ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በዋይፋይ የመደወል አገልግሎት ሲያበሩ ኤስኤምኤሳቸውም በዋይፋይ ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ላይ ቪፒኤኑ ከተንጠለጠለ መልእክቱም አብሮ ሊንጠለጠል ይችላል። መፍትሔው ሰርቨሩን መቀየር፣ ቪፒኤኑ ከፈቀደም የመልእክት መተግበሪያውን ከእሱ ውጭ ማድረግ ነው። በአንድሮይድ ስልክ የቪፒኤን ማስተካከያ ውስጥ «ያለ ቪፒኤን ግንኙነትን አግድ» የሚል ትእዛዝ በርቶ ከሆነ፣ ቪፒኤኑ በተቋረጠ ቁጥር ኢንተርኔቱ በሙሉ ይቆማል። ብዙዎች «ቴሌግራም ተዘጋ» የሚሉት ይህ ትእዛዝ በርቶባቸው ሊሆን ይችላል። ሦስት አራት ቪፒኤን መደራረብም አይጠቅምም፤ ስልኩ በአንድ ጊዜ የሚያሠራው አንዱን ነው።

ቪፒኤን ለምን ወደ ቤታችን እንደገባም መርሳት የለብንም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተገደቡበት ጊዜ ህዝቡ የተነጋገረው በቪፒኤን ነበር። በሰኔ 2012 መጨረሻ ግን ኢንተርኔቱ ራሱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ ቪፒኤን ምንም አልፈየደም። መንገዱ ከሌለ መኪናው ምን ያደርጋል? ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ ኤስኤምኤስ ራሱ ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ ነበር። የህዝብን መገናኛ መዝጋት በደል ነው፤ ይህን በሰላማዊ መንገድ ከመናገር ወደኋላ አንልም። የኛ ድርሻ ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ አለመንጠልጠል ነው።

እጅግ የሚያሳስበን ግን ሰዎች ቪፒኤን ስላበሩ ብቻ ሁሉም ነገራቸው የተሸፈነ መስሏቸው መዘናጋታቸው ነው። ኤስኤምኤስ በቴሌኮሙ እጅ የሚያልፍ ክፍት ወረቀት ነው፤ ቪፒኤን አይሸፍነውም። ቪፒኤኑም ቢሆን ባለቤት አለው፤ ወዴት እንደምንገባ የማየት ዕድል ያለው እሱ ነው። ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ በቴሌግራም ቻናል የተለቀቀ ፋይል መጫን የቤትን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው እንደመስጠት ነው። «ልናስተካክልልህ ነው፤ የመጣልህን ኮድ ንገረን» የሚል ሰው ሲገጥመን ደግሞ ኮዱን ፈጽሞ አንስጥ። ያ ኮድ የገንዘባችንና የአካውንታችን በር ነው። ያልተጣራ ወሬ ሰምተን «መልእክታችን ታገደ» እያልን ከማስተላለፋችን በፊትም ማጣራት ዲናችን ያዘዘን ነገር ነው።

ስለዚህ ለየመስጂዱ ጀመዓ የምናቀርበው ጥሪ ይህ ነው። የጀናዛና የአስቸኳይ ጉዳይ ጥሪ በቴሌግራም ብቻ አይለፍ፤ በኤስኤምኤስም ይላክ፣ ስማርት ስልክ ለሌላቸው አባቶችና እናቶችም ይደወል። የሰፈሩ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በኢማሙ ወይም በኮሚቴው እጅ በአማና ይቀመጥ። ወጣቶቻችን ከጁሙዓ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ከአረጋውያን ጎን ተቀምጠው ስልካቸውን ያስተካክሉላቸው፤ ሲያስተካክሉም መልእክታቸውን አያንብቡ። የሰው ስልክ አማና ነው፤ የሰው ምስጢርም ክብሩ ነው።

አላህ መልካም ወሬ የምንሰማማ ያድርገን። ወቢላሂ ተውፊቅ!