በሰው መኪና «አሜን» አትበሉ

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በግቢው ጥግ የቆመችውን የኤሌክትሪክ መኪና ከብባችሁ ስልክ ለምታወጡት፣ አንዱ በሯን ተደግፎ ሌላው ፎቶ ሲያነሣ «ጌታ ሲባርክ እንዲህ ነው! አሜን፣ ለእኔም!» ለምትሉት። ክፉ እንዳላሰባችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ተዉት እላችኋለሁ። ለምን እንደምል ግን እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ አንብቡኝ።

መገረምን አልቃወምም። ባሕር ዳር የብስክሌትና የባጃጅ ከተማ ናት። በዘንባባው ሥር ድምፅ የማያሰማ፣ ግንባሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር መብራት የተዘረጋበት፣ የበሩ እጀታ ከአካሉ ውስጥ ተደብቆ ሲቀርቡት ብቅ የሚል መኪና ሲያልፍ ዞር ብሎ የማያይ ሰው ካለ እሱ ነው የሚገርመኝ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባም ሕዝቡ እቤቱ ቁጭ አላለም፤ ዐፄ ምኒልክም አልናቋትም። አዲስ ነገር ማየት ደስ ይላል። ዓይን የተሰጠን ለማየት ነው።

አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለ መኪና አለው። አብሬው ስለምሄድ ሰው የሚለውን በጆሮዬ እሰማለሁ። (እኔ በብስክሌት የምመላለስ ሰው ነኝ። «መምህር ቀንቶ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አላጣሁትም፤ በሉ፣ ንባቡን ብቻ ቀጥሉ።) ከሁሉ የምወደው የባጃጅ ሾፌሮችን ጥያቄ ነው። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆመው ሲያዩት አንገታቸውን ያወጡና «ጋሼ፣ አንዴ ተሞልታ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?» ይሉታል። «ባትሪዋ ሲሞት ስንት ይገዛል?» «ክረምት ላይ ውሃ ውስጥ ስትገባ አትነዝርም?» «ሞተሯስ የት ነው?» ወዳጄም ሳይሰለች ይመልሳል። ባትሪው ከወለሉ በታች ተነጥፎ የታሸገ መሆኑን፣ ሌሊት ቤቱ ሰክቶ እንደሚሞላው፣ ዓባይ በረሃን ቁልቁል ሲወርድ መኪናዋ ራሷ ለባትሪው ጥቂት እንደምትመልስለት፣ ዳገቱን ሲወጣ ግን የመለሰችውን ሁሉ በላይዋ ጨምራ እንደምትበላው ይነግራቸዋል። አንዱ ሾፌር ይህን ሰምቶ «እንደ ሚስቴ ናት በለኛ!» አለና ሰልፈኛውን ሁሉ አሳቀው። ሚስቱ ብትሰማው ምን እንደምትል አላውቅም። ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ስለ መኪናዋ ጠየቁ፣ ስለ መኪናዋ ተመለሰላቸው፣ በቃ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ በሰማይ ፊት ምን ያህል እንደሚወደድ የወሰነ ከመካከላቸው አንድም የለም።

እኛ ግቢ ስትገባ ግን ጥያቄው ይጠፋል። ጎዳና ላይ ያለው የማያውቀው ሰው ስለ ባትሪው ይጠይቃል፤ የእኛ ልጅ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ይደመድማል። «ሞገስ ነው!» «የጾሙ መልስ ነው!» «ዘይቱ ሲፈስ እንዲህ ነው!» ወዳጄ በዚያን ዓመት ስለ መኪና ጾሞ አያውቅም። እኔ ምስክር ነኝ።

እስቲ ነገሩን ገልጠን እንየው። ይህች መኪና እንዴት መጣች? እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት ተገጣጥመው የሚገቡ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ፤ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ አስቀረባቸው። በነዳጅ የሚሄዱት ደግሞ፣ በተለይ ያገለገሉት፣ ከእ.ኤ.አ. 2020 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ በከባድ ታክስ ሥር ነበሩ። ቀጥሎም በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ለምክር ቤት ተናገሩ። አገሪቱ ለነዳጅ የምትከፍለው የውጭ ምንዛሪ ስለከበዳትና ኤሌክትሪኳን ከገዛ ወንዞቿ ስለምታገኝ የተወሰደ እርምጃ ነው። እንግዲህ አዲስ መኪና መግዛት የፈለገ ሰው፣ ጻድቅም ይሁን ኃጥእ፣ የሚገዛው ይህንኑ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና የሚርመሰመሱት ቢዋይዲዎችና የቮልስዋገን አይዲ ፎሮች ሁሉ የጸሎት መልስ ናቸው ካልን፣ የገንዘብ ሚኒስቴርን መመሪያ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ልንጠርዘው ነው።

ወዳጄ መኪናዋን የገዛት ከወንድሙ ጋር ሆኖ፣ ግማሹን ከባንክ ተበድሮ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሰው ያመላልስባታል። የወሩ ክፍያ ሲደርስ ፊቱ ይለወጣል። እናንተ የምታዩት ቀለሟን ነው። ሹክ ብሎ የነገረኝን ልንገራችሁ፤ ፈቅዶልኛል። መኪናዋን ከያዘ ወዲህ አስተናጋጆች ከኋላ ወንበር እያስነሡ ወደ ፊት ይወስዱታል። የሕንፃ መዋጮ ሲነሣ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ቃል የገባው ገንዘብ ሲያንስባቸው «ስስት ያዘው» ተባለ። ባለፈው ዓመት በብስክሌት ሲመጣ ያው ሰው፣ ያው ድምፅ፣ ያው ጸሎት ነበረው፤ ያኔ ግን ስሙን ለማወቅ የሞከረ አስተናጋጅ አልነበረም። አሁን መኪናዋን ሁለት መንገድ ርቆ አቁሞ በእግሩ መምጣት ጀምሯል። ሦስት እሑድ ደግሞ ጭራሽ አልመጣም።

ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ የጻፈውን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። የወርቅ ቀለበት ያደረገና ያማረ ልብስ የለበሰ ሰው ወደ ጉባኤ ሲገባ የክብር ወንበር ይሰጠዋል፤ ያደፈ ልብስ የለበሰው ድሃ ግን ቁም ይባላል። ይህን ክፍል ስናስተምር ሁልጊዜ የምናዝነው ለድሃው ነው፤ ትክክል ነው። ስለ ቀለበቱ ባለቤት ግን አስበን እናውቃለን? እሱም እኮ ተበድሏል። ወንድም ፈልጎ መጣ፤ የተቀበሉት ግን ቀለበቱን ነው። ምናልባት ልቡ ተሰብሮ የመጣ ሰው ይሆናል፤ ወንበር ሰጡትና ሄዱ።

ኤልሳዕ እንዲህ አላደረገም። ንዕማን በፈረሱና በሰረገላው መጥቶ ደጁ ላይ ሲቆም ነቢዩ ሊያይለት እንኳ አልወጣም፤ መልእክተኛ ላከበት (2ኛ ነገሥት 5)። ሰውየው ተቆጣ። የቆሰለ ገላውን የፈወሰው ግን ለሰረገላው ያልደነገጠው ነቢይ ነው። በአንጻሩ አቤሴሎምን አስታውሱ። የአባቱን ዙፋን ሲመኝ ከሁሉ አስቀድሞ ያዘጋጀው ሰረገላና ፈረሶች፣ በፊቱም የሚሮጡ 50 ሰዎች ነበር (2ኛ ሳሙኤል 15፥1)። የሰውን ዓይን ምን እንደሚማርክ በደንብ ያውቅ ነበር። እነዚያ ሃምሳ ሯጮች ዛሬ ቢኖሩ ስልክ ይዘው ነበር የሚሮጡት።

ከሁሉም በላይ የእኛው ጃንደረባ አለ። የህንደኬ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ በሰረገላው ተቀምጦ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት። አንድ የኢትዮጵያ ሹም በጋዛ ምድረ በዳ በሰረገላ ሲሄድ ማየት እንደ ዛሬዋ መኪና ዓይን አይስብም ትላላችሁ? ፊልጶስ ግን ስለ ሰረገላው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጆሮው የሄደው ሰውየው ወደሚያነበው መጽሐፍ ነው፤ የጠየቀውም ያነበበውን ይረዳው እንደሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ጥምቀት መጣ፣ ደስታ መጣ። ፊልጶስ ስለ ፈረሶቹ ዋጋ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር እናንተው ገምቱ።

«ታዲያ ከሚደሰቱ ጋር አንደሰት?» ትሉኛላችሁ። ተደሰቱ እንጂ! «እንኳን ደስ አለህ» በሉት፣ እጁን ጨብጡት፣ ቁርስ ይጋብዛችሁ። ግን «አሜን፣ ለእኔም» ስትል፣ ወንድሜ፣ ደስታህ የሱ መሆኑ ቀረ፤ ወደ ራስህ ዞረ። እሱ መስኮት ሆነልህ፤ በሱ በኩል የራስህን የነገ መኪና ነው የምታየው። ደግሞ ከጎንህ ቆማ ይህን የምትሰማውን እህት አስብ። አባቷ በሕዳሴው ግድብ ቦንድ ከደመወዙ ሲቆጥብ የኖረ፣ ዛሬም በእግሩ የሚሄድ፣ በጸሎት ግን ከማንኛችንም የማያንስ ሰው ነው። ጌታ ሲባርክ «እንዲህ» ከሆነ አባቷን ምን ልትለው ነው? አንድ ቀን ይህን ጥያቄ በሰንበት ትምህርት ክፍል ጠይቃኛለች። መልሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

የተቃራኒው ወገንም አለ፤ በእሱም ላይ ዝም አልልም። «አሜን» የማይለው ከንፈሩን ነክሶ «ከየት አምጥቶት ነው?» ይላል። «ማን ላከለት?» «ከማን ጋር ነው የሚሠራው?» ይህም ያው በሽታ ነው፤ የሚለየው ትኩሳቱ ብቻ ነው። አንዱ መኪናውን ጽድቅ ያደርገዋል፣ ሌላው ወንጀል ያደርገዋል። ሁለቱም ባለቤቱን አንዲት ነገር አልጠየቁትም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ፎቶው። የምንኖርበትን ዘመን ታውቁታላችሁ። በክልላችን ሰው እየታገተ ገንዘብ የሚጠየቅበት፣ ቤተሰብ ከብቱን ሸጦና ከዘመድ ለምኖ ሰውን የሚያስለቅቅበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ የወንድማችሁን መኪና ሰሌዳዋ ቁልጭ ብሎ እየታየ፣ ከጀርባዋ የቤተ ክርስቲያኑ በር ተነብቦ፣ ከላይ «የእኛ ወንድም፣ ጌታ ሲባርክ» ብላችሁ ቲክቶክ ላይ ስትለጥፉ ምን እንዳደረጋችሁ አስባችኋል? ይህ ሰው ገንዘብ አለው፣ እሑድ በዚህ ሰዓት እዚህ ይገኛል ብላችሁ ለማታውቁት ሁሉ ነገራችሁ። ሰውየው ያለው ግን የባንክ ዕዳ ነው። ዕዳን ደግሞ ማንም ፎቶ አንሥቶ አይለጥፍም። ከአንድ «ላይክ» የሚበልጥ ነገር እጃችሁ ላይ ነው፤ የሰው ነፍስ። ይህን ስል ላስፈራራችሁ አይደለም፤ እናቱ የምትለኝን ነው የምደግመው።

ስለ መኪናዋ ማሰብ ካልቀረላችሁ ደግሞ ወደ ጢስ ዓባይ ልውሰዳችሁ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወዳጄ ጋር አንድ ቤተሰብ ለመጠየቅ ሄድን። ልጆች እንደ ንብ ወረሩን፤ መስታወቱ ውስጥ ፊታቸውን እያዩ ይስቃሉ። ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ቀረብ ብለው መኪናዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት።

«ኧረ ልጄ፣ ይቺ ምን እየጠጣች ነው የምትሄድ?»

«መብራት ነው እማማ» አላቸው ወዳጄ።

«መብራት? እንዴ! ውሃችንን ወሰዱና መብራት አረጉት። መብራቱን ደሞ መኪና ጠጣው?» ሳቁ። «ይሁን ግድ የለም። ለልጆቹ ማጥኛ ቢተርፍ ነበር ደጉ።»

እኚህ እናት በአንድ አፍታ ያሉትን እኛ በዓመት ስብከት አላልነውም። በጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ 11.4 ሜጋ ዋት፣ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ኃይሉን ከዚያ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው ተጨመረና ውሃው ወደ ማመንጫው ተጠለፈ፤ ያ በጢሱ ስም ያገኘ ፏፏቴ የዓመቱን ብዙ ወራት ቀጭን ክር ሆነ። ቱሪስት እየመሩ ይኖሩ የነበሩ ልጆች እንጀራቸው ቀጠነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ጣና በለስ በ460 ሜጋ ዋት መጣ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ እጅግ የሚበዛው ከውሃ ነው። ሆኖም ከሕዝቡ ግማሽ ገደማ የሚሆነው ዛሬም ከመስመሩ ውጭ ነው፤ ትልቁ ሽቦ በራሱ ላይ አልፎ የሚሄድበት፣ እሱ ግን በኩራዝ የሚያመሽ ገበሬ አለ። ወዳጄ ሌሊት ቤቱ የሚሰካው ገመድ ሌላው ጫፉ እኚህ እናት ደጅ ነው። ግድቡ አይሠራ፣ መኪናውም አይነዳ አልልም፤ ደግ ነገር ነው። «የበረከት ምልክት» እያልን ስንጮህ ግን የእኚህን ሴት ውሃ በረከቱ ውስጥ መቁጠር ረስተናል። በዚያች ቀን መኪናዋን አይተው ሲያበቁ ሰውየውን «ደክሟችኋል፣ ግቡ ቡና ጠጡ» ያሉትም እሳቸው ናቸው። የማያውቁን ሰው ነበሩ።

ስለዚህ የወጣቶች ኅብረት መሪዎች፣ በዚህ ሳምንት ስብሰባችሁ ላይ ስልክ አውጡና የለጠፋችሁትን አብራችሁ አጥፉ፤ ሰሌዳ የሚታይበትን ከሁሉ አስቀድሙ። አስተናጋጆች ሆይ፣ ወንበሩን ለቀደመ ስጡ። ወዳጄ የፊታችን እሑድ እመጣለሁ ብሎኛል። ሲመጣ ስለ እናቱ ጠይቁት። ወር ሙሉ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ሦስቱን እሑድ የቀረውም እሳቸውን ሲያስታምም ጭምር ነው። መኪናዋን ካነሣችኋት መካከል ይህን የሚያውቅ አልነበረም።