ድንኳንና እሳት

ድንኳን በእኛ ዘንድ ለሰርግም ለለቅሶም ይተከላል። ሸራው ያው፣ ካስማውም ያው ነው፤ ከሩቅ ለሚያየው መንገደኛ ልዩነቱን የሚነግረው ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። በሰሜኑ ዓለም በበረዶው ወራት ምድጃ ተሸክሞ ጫካ ለሚያድር ሰውም ድንኳን እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ሰርግ ወይም ለቅሶ የሚያደርገው ደግሞ የእሳቱ ብዛት ሳይሆን፣ ሰው ብርድ ፈርቶ ሊደፍነው የሚቸኩለው የመዳፍ ስፋት ያለው ቀዳዳ ነው።

ይህን ጥበብ አሳምረው ከሚያውቁት መካከል በካናዳ ላብራዶር የሚኖሩት የኢኑ ሕዝቦች ይገኛሉ። እኛ ቄጤማ እንደምንጎዘጉዝ እነርሱ የሸራ ድንኳናቸውን ወለል በጥድ ቅርንጫፍ ይጎዘጉዙና የቆርቆሮ ምድጃ ያቆሙበታል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ዱቄት የመሰለው በረዶ በእግር ተረግጦ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያም እስኪጠነክር ይጠበቃል። ለስላሳ በረዶ ካስማ ስለማይዝ፣ ገመዱ በግንድ ቁራጭ ላይ ይታሰርና ግንዱ አግድም ይቀበራል። ምድጃው እያቀለጠ እንዳይሰምጥ በርጥብ ግንዶች ላይ ይደላደላል። ጭስ ማውጫው ሸራውን የሚያልፍበት ቦታ እሳት በማይበላው ጨርቅ ይከበባል፤ ጫፉም ከጣሪያው በላይ ይዘልቃል።

ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ሰው የሚሰናከለው በመጨረሻው ነገር ነው። ሙቀት እንደ እህል የሚከማች ይመስለውና የአየር መግቢያውን ይደፍናል። እሳት ግን እንደ እኛው ትንፋሽ ይሻል፤ ሲታፈን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወልዳል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። «ጭስ መውጫ አያጣም» ይባላል። ለጭስ እውነት ነው፤ ጭስ ያስለናል፣ ዓይናችንን ያቃጥላል፣ ይቀሰቅሰናል። ይህኛው ግን መውጫ ካልተሰጠው እያባበለ ያስተኛል።

አሜሪካዊው አድሚራል ሪቻርድ በርድ እ.ኤ.አ. በ1934 የአንታርክቲካን ክረምት በበረዶ ውስጥ በተቀበረች ጎጆ ብቻውን ሲያሳልፍ፣ ሊገድለው የደረሰው ብርዱ ሳይሆን የምድጃውና የጄኔሬተሩ ጋዝ ነበር። እሳቱን ቢያጠፋ ውርጩ፣ ቢያነድደው መርዙ ይጠብቀው ነበር። ባልደረቦቹ በዚያ ጨለማ ሊያድኑት ሲመጡ እንዳይጠፉ ሰግቶ ሕመሙን በሬዲዮ አልነገራቸውም፤ እነርሱ ግን ከመልእክቶቹ መዘበራረቅ ጠርጥረው በነሐሴ ደረሱለት። ታሪኩን በ1938 በታተመው መጽሐፉ ራሱ ጽፎታል። ጎጆ ድንኳን አይደለችም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ በድንኳን ውስጥ የሚነድ እሳት የምሽት እንግዳ እንጂ የሌሊት ጠባቂ መሆን የለበትም። ርጥብ ካልሲ ያድርቅ፣ ሾርባ ያፍላ፣ ጨዋታ ያድምቅ፤ ከመኝታ በፊት ግን ይጥፋ። ያለ እሳት ሌሊቱን የማያሻግር የመኝታ ከረጢት ይዞ የወጣ ሰው ጉድለቱን በምድጃ አይሸፍነውም። ሌሊቱን መንደድ ካለበትም፣ በኖርዲክ አገሮች ወታደሮች እንደሚያደርጉት አንድ ሰው በተራ ነቅቶ ይጠብቀው። የጋዝ ማንቂያ ደወል መያዝ መልካም ነው፤ ቀዳዳውን ግን አይተካም።

«ታዲያ ያን ሁሉ ብረት መሸከም ለምን?» የሚል ይኖራል። በበረዶ መካከል ጓንት አውልቆ፣ ፊት ለፊት ተያይቶ ለመጨዋወት ሁለት ሰዓት ማግኘት ትንሽ ነገር ነውን?

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በስሜን ተራሮች ድንኳን ተክሎ ያደረ ሰው የታኅሣሥን ውርጭ ያውቀዋል። በረዶ በማይጥልበት ከተማም ቢሆን፣ ፍም የያዘ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው፣ በማለዳ ያልተነሡ ሰዎች ለቅሶ ስንት ጊዜ ተሰማ! በቀዳዳው የሚገባውን ብርድ እንደ ጠላት ባናየው ይሻለናል፤ ንጋትን የሚያሳየን እርሱ ነውና።