የታሰረ ምንዛሪና ያልታሰረ ዕዳ

የአንድ አገር ገንዘብ በወደቀ ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በገንዘብ ነጋዴዎች ላይ መጫን የተለመደ ነው። እኛ ግን አርጀንቲናን ተመልከቱ እንላለን። መንግሥትዋ እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ ፔሶ በአንድ ዶላር እንዲመነዘር በሕግ ወሰነ። የኑሮ ውድነቱ ጋብ አለ፤ የዶላሩ ዕዳ ግን እየከበደ ሄደ። በ1999 ጎረቤትዋ ብራዚል የገንዘብዋን ምንዛሪ ለገበያ ስትለቅ የአርጀንቲና ሸቀጥ ተወዳዳሪነት አጣ። በ2001 መጨረሻ ሕዝቡ ከባንክ በሳምንት ከ250 ፔሶ በላይ በጥሬው እንዳያወጣ ተከለከለ። በጃንዩዋሪ 2002 የምንዛሪው ሕግ ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት አንድ ዶላር ከ3 ፔሶ በላይ አወጣ።

እንግዲህ የታሰረ ምንዛሪ ዕዳን ይሸፍናል እንጂ አይከፍልም። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ስለ ምንዛሪው ልክ ከመከራከራችን አስቀድሞ የዕዳው መዝገብ ይገለጥ እንበል። መዝገቡ ሲደበቅ የሚከፍለው ደመወዝተኛው ነውና።