ሰው የሌለባት ደሴት የማን ናት?

በክፍላችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የዓለም ካርታ፣ ከሜክሲኮ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ አንዲት ነጥብ አለች። አንድ ተማሪ የዝንብ ኩስ መስላው በጥፍሩ ሊፍቃት ሲሞክር አየሁትና ስለ እርሷ ለመጻፍ ቆረጥሁ።

ስሟ ክሊፐርተን ነው። ከሜክሲኮ ጠረፍ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ዐፅማቸውን እየደራረቡ የሠሯት ቀለበት ስትሆን፣ ዙሪያዋ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሏም ከባሕሩ ጋራ የማይገናኝ ሐይቅ አለ። ከአንድ የ29 ሜትር ቋጥኝ በቀር ምድሯ ዝቅ ያለ ነው። ነዋሪዎቿ ወፎችና ሸርጣኖች ናቸው።

ታዲያ ምኗ አጣላ? ቢሉ፣ አንዱ ነገር ማዳበሪያ የሚሆነው የወፍ ኩስ ነው። (ተማሪዬ ከእውነቱ ብዙ አልራቀም!)

በ1858 በኤውሮጳ አቆጣጠር አንድ የፈረንሳይ መኮንን በመርከብ ላይ እንዳለ ደሴቲቱ የፈረንሳይ መሆኗን አወጀ፤ አዋጁም በሆኖሉሉ ጋዜጣ ታተመ። የሚቀመጥባት ሰው ግን አልተላከም። በ1897 ሜክሲኮ ባንዲራዋን ተከለች፤ ኋላም ካፒቴን ራሞን አርኖን ከወታደሮች ጋራ ላከች። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸውም አብረው ነበሩ።

ስንቃቸው በመርከብ ይመጣላቸው ነበር። በ1914 ግን በሜክሲኮ የርስ በርስ ጦርነት ሳቢያ መርከቡ ቀረ። አትክልትና ፍራፍሬ ያጣ ሰው ድዱ እየደማ ይዳከማል፤ ብዙዎቹ በዚሁ በሽታ አለቁ። በ1915 አርኖ ከሩቅ መርከብ ያየ መስሎት ከወታደሮቹ ጋራ በታንኳ ተነሣ፤ አልተመለሱም። ከወንዶቹ በመጨረሻ የቀረው ለመርከቦች መብራት የሚያበራው ዘበኛ ራሱን ንጉሥ ብሎ ሾመና በሴቶቹ ላይ ግፍ ይሠራ ጀመር። በሐምሌ 1917 ቲርሳ ሬንዶን የተባለችው ሴት ገደለችው። ወዲያውም ዮርክታውን የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ደርሳ የተረፉትን ሴቶችና ልጆች አነሣች፤ በጠቅላላው 11 ነበሩ።

ክርክሩ ከ1909 ጀምሮ ለኢጣልያ ንጉሥ ለቪክቶር አማኑኤል 3ኛ ተሰጥቶ ነበር። ንጉሡ በጥር 1931 ለፈረንሳይ ፈረደ፤ ሰው በሌለበት ምድር የ1858ቱ አዋጅ ይበቃል፣ ሜክሲኮም ዘግይታለች ሲል። በመርከብ ላይ የተጻፈ ወረቀት በአሸዋዋ ከተቀበሩት ሁሉ በለጠ። አንባቢዬ ዳኛውን ያውቀዋል፤ ከ5 ዓመት በኋላ፣ ሰው በሞላባት አገር፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የተባለው እርሱ ነው።

ዛሬ ክሊፐርተን ሰው የለባትም። ነገር ግን በእርሷ ምክንያት ፈረንሳይ ከ400,000 ኪሎ ሜትር ካሬ የሚበልጥ፣ ዓሣ የበዛበት ባሕር ይገባኛል ትላለች። መርከቦቿም አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ ባንዲራውን ያድሳሉ።