መስኮት በመስኮት ላይ

«መስኮት» የሚለው ቃላችን በባንክ ቤት ሁለት ነገሮችን ይጠራል፤ ደንበኛው ከፊቱ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅበትን፣ እንዲሁም በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን። በፊተኛው መስኮት የቆመ ሰው ለምን እንደ ዘገየ አያውቅም። እኔ ግን ዐውቃለሁ፤ ብዙውን ጊዜ በኋለኛው ምክንያት ነው።

አንዲት እናት ቼክ ይዘው መጡ እንበል። በቼኩ ላይ ያለውን ፊርማ ከተመዘገበው ናሙና፣ የገንዘቡን ልክ ከቀሪ ሒሳቡ ጋር ማስተያየት ይገባል። ፕሮግራሙ ግን የፊርማውን መስኮት ሲከፍት የሒሳቡን ይሸፍነዋል። መሸፈኑ ሳያንስ የላይኛው ካልተዘጋ የታችኛው አይነካም። ስለዚህ ሠራተኛው ረጅሙን የሒሳብ ቁጥር በቃሉ ይዞ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። «ማስተያየት» እኮ ከማየት የወጣ ቃል ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማየት እንጂ አንዱን እያዩ ሌላውን ማስታወስ አይደለም። አንድ አኀዝ ከተዛነፈ የእኚያ እናት ገንዘብ ከማያውቁት ሰው ሒሳብ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ነው፣ ምልልስ ነው፣ «ነገ ይመለሱ» ነው።

«የማሽን ጠባይ ነው» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። አይደለም! በዜሮክስ የካሊፎርኒያ የምርምር ማእከል እነ አለን ኬይ መስኮቶችን በጠረጴዛ ላይ እንዳሉ ወረቀቶች ያነባበሩት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ከሥር ያለውን ወረቀት የፈለገ ሳብ አድርጎ ከላይ ያኖረዋል፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ መስኮቶቹን ጎን ለጎን ብቻ ይደረድር ነበር፤ መደራረብ የተፈቀደው በ1987 በሁለተኛው እትም ነው። በ1995 ደግሞ የተከፈቱት ሁሉ ከገጹ ግርጌ ተሰልፈው ይታዩ ጀመር። በዚያው የዜሮክስ ማእከል የሠራው ላሪ ቴስለር ተጠቃሚውን በአንድ ሁኔታ የሚቆልፍ ፕሮግራምን እጅግ ከመጥላቱ የተነሣ የመኪናው ታርጋ «ኖ ሞድስ» የሚል ነበር። (ታርጋውን እኔም እመኘዋለሁ፤ መኪናው ሲገኝ።)

ለእኛስ ቢሆን ነገሩ መች እንግዳ ነው? የአንድምታ መጽሐፍ የገለጠ ሰው ንባቡንም ትርጓሜውንም አብሮ ያገኛቸዋል። ትርጓሜውን ለማየት ንባቡን ዝጋ ያለው መምህር የለም።

መቆለፍ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ማስቆም ተገቢ ነው። የሚያበሳጨኝ፣ ይህ ጥያቄ ስሙንና የገንዘቡን ልክ ሸፍኖ መምጣቱ ነው። በምኑ ነው እርግጠኛ የምሆነው? ሰውን ዐይኑን ሸፍኖ ምስክርነት መጠየቅ ምን ይባላል? ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ለአፍታ ወደ ሌላ መስኮት ሄደን ስንመለስ የጻፍነው ሁሉ ተጠርጎ መጠበቁ ነው።

ፕሮግራም የሚገዙት ሰዎች ማሳያውን በስብሰባ አዳራሽ፣ በትልቅ ሸራ ላይ፣ አንድ መስኮት ብቻ ተከፍቶ ይመለከቱታል። በዚያ ሁሉም ያምራል። ውሉን ከመፈረማቸው በፊት አንድ ገንዘብ ከፋይ በደመወዝ ሰሞን በአዲሱ ፕሮግራም ፊት ያስቀምጡ፤ እነርሱም ከኋላው ቆመው አንድ ቼክ ለመክፈል ስንት ጊዜ እንደሚዘጋና እንደሚከፍት ይቁጠሩ።