የንግድ ቤት መዝገብና የደንበኛ ምሥጢር

በገበያ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ ገዝቶ በወረቀት ተጠቅልሎ የተሰጠው ሰው፣ ጥቅልሉን በሚፈታበት ጊዜ የማያውቀውን ሰው ስም፣ የደመወዙን ልክ፣ አንዳንድ ጊዜም ጉርድ ፎቶግራፉን ጭምር በወረቀቱ ላይ ማግኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ያ ወረቀት አስቀድሞ የሥራ ማመልከቻ፣ ወይም የመታወቂያ ግልባጭ፣ ወይም የዱቤ ሒሳብ ማስታወሻ ነበር። ከአንድ የንግድ ቤት ሣጥን ወጥቶ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር በኪሎ ተመዝኖ ተሸጦ፣ በመጨረሻ የቆሎ መጠቅለያ ሆነ። ወረቀቱን የሸጠው ነጋዴ ጥቂት ብር አግኝቷል። ስሙ የተጻፈበት ሰው ግን ጉዳዩ በገበያ መካከል ሲዞር መዋሉን እንኳ አላወቀም።

ነጋዴው ይህን ያደረገው በክፋት ተነሣሥቶ አይደለም፤ ወረቀቱን የራሱ ንብረት አድርጎ ስለቆጠረው ነው። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ የነጋዴው መሆኑ እርግጥ ነው፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል ግን የደንበኛው ነው። ደንበኛ ለንግድ ቤት የሚገልጸው ስሙ፣ የስልኩ ቁጥር፣ የመኖሪያው አድራሻና የዕዳው ልክ፣ እነዚህ ሁሉ ለአንድ ለታወቀ ጉዳይ በአደራ የተሰጡ ናቸው። አደራ ምን እንደሆነ ደግሞ ለአገራችን ነጋዴ ማስተማር አያስፈልግም። ያለ ደረሰኝና ያለ ምስክር የሰው ገንዘብ ተቀብሎ፣ ከዓመታት በኋላ ሳያጎድል የሚመልስ ነጋዴ በየከተማው ይገኛል። የቀረው ነገር ቢኖር፣ ለገንዘብ የሚደረገው ጥንቃቄ ለስምም እንዲደረግ ማሰብ ብቻ ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች፣ «ይህ ነገር የባንክና የቴሌ ጉዳይ እንጂ የትንሽ ሱቅ ጉዳይ አይደለም» ይላሉ። ነገር ግን አንድ ተራ ሱቅ በእጁ ያለውን ቢቆጥር ይደነቃል። በመጀመሪያ የዱቤ መዝገብ አለ፤ በዚያም ውስጥ የሠፈሩ ሰው በወር ምን ያህል ዘይትና ስኳር እንደሚወስድ፣ ደመወዙ በየትኛው ቀን ላይ እንደሚያልቅ፣ ማን በወቅቱ እንደሚከፍልና ማን እንደሚለምን ይነበባል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የከፋዮች ስምና የከፈሉት ገንዘብ ልክ በባለሱቁ ስልክ ላይ በየቀኑ ይከማቻል። መድኃኒት ቤት የሕመምተኛን የሐኪም ማዘዣ ይቀበላል። የእንግዳ ማረፊያ ማን በየትኛው ሌሊት እንዳደረ የሚያሳይ መዝገብ አለው። ሠራተኛ የሚቀጥር ሁሉ የሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን የዋሱንም ደመወዝና አድራሻ በፋይል ውስጥ ያኖራል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡት ትንንሽ ቤቶች ነገር ነው። ባለጉዳይ መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የፍርድ ቤት አቤቱታውንና የሐኪም ወረቀቱን በቴሌግራም ወደ ቤቱ ስልክ ይልካል፤ ይታተምለታል፤ ዋጋውን ከፍሎ ይሄዳል። ይዞት የሄደው ወረቀቱን ነው እንጂ ምስሉ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ቀርቷል። በማግሥቱ ሌላ ባለጉዳይ መጥቶ የራሱን ጽሑፍ ሲፈልግ፣ የጎረቤቱን የፍቺ አቤቱታ በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ ያነባል። የቤቱ ባለቤት ማንንም ለመጉዳት አላሰበም፤ የሥራውን ፍጻሜ ገንዘብ መቀበል አድርጎ ስለገመተ፣ ማጥፋትም የሥራው ክፍል መሆኑን አላስተዋለም።

ከዚህ ዓይነቱ ቸልተኝነት የሚመጣው ጉዳት በቃል ብቻ የሚነገር አይደለም። በአንድ ንግድ ቤት የደረሰውን መጥቀስ ይበቃል። በዚያ ሱቅ ሲሠራ የነበረ አንድ ወጣት ሥራውን ለቆ ከመሄዱ በፊት የዱቤውን ደብተር ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶግራፍ አነሣው። ደብተሩ ማንም ሊገልጠው በሚችልበት ስፍራ፣ በሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ይውል ነበርና የከለከለው አልነበረም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለባለዕዳዎቹ እየደወለ፣ «እትዬ፣ ጋሼ ናቸው የላኩኝ፤ ስልካቸውን ስለቀየሩ ያለብዎትን ሒሳብ በዚህኛው ቁጥር ይላኩላቸው» ይላቸው ጀመር። ስማቸውን ጠርቶ፣ ዕዳቸውን እስከ ሣንቲሙ ድረስ ስለተናገረ ያልተጠራጠሩት ሴቶች ገንዘቡን ላኩ። እውነተኛው ባለሱቅ በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን ሲጠይቅ ከፍለናል አሉት፤ አልደረሰኝም አለ፤ ክርክር ተነሣ። ባለሱቁ በመጨረሻ የዕዳውን ግማሽ ተወ፤ ከደንበኞቹም ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሱቅ ሄዱ። ያጣው ገንዘብ በሁለት ወር ትርፍ ሊካስ ይችል ነበር፤ የሄደውን እምነት ግን በምን ይመልሰዋል?

ሌላው ጉዳት በራሱ በነጋዴው እጅ የሚፈጸመው ነው። ዕዳውን ያልከፈለውን ሰው ፎቶግራፍና ስም በሱቁ በር ላይ የሚለጥፍ፣ ወይም በቴሌግራም ለሠፈሩ ሁሉ የሚበትን ነጋዴ አለ። መብቱን ያስከበረ ይመስለዋል። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደተባለው፣ አንድ ጊዜ የተበተነ ስም ዕዳው ከተከፈለ በኋላም ሊሰበሰብ አይችልም። ባለዕዳው ልጁ ታሞበት፣ ወይም ደመወዙ ዘግይቶበት ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት ከፍሎ ቢገኝም ልጆቹ በትምህርት ቤት የሚሰሙት ያንኑ የተለጠፈውን ነገር ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል በሚባልበት አገር፣ ለጥቂት መቶ ብር የሰውን ስም ማዋረድ ከዕዳው የበለጠ ዕዳ ነው።

በሕግ በኩል ሲታይም ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በቁጥር 31 ደግሞ የምሥጢር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ቃሉን እንዳይገልጥ ያዝዛል። በ1987 ዓ.ም የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው የግል ሕይወት፣ እንዲሁም በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገው ግንኙነት የማይደፈር መሆኑን ደንግጓል። በመጨረሻም በ2016 ዓ.ም ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ፤ ተቆጣጣሪነቱም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጠ።

የዚህ አዋጅ መሠረተ ሐሳብ በንግድ ቤት ቋንቋ ቢነገር ለመረዳት አያስቸግርም። የሰው መረጃ ሲሰበሰብ ለምን እንደተፈለገ ለባለቤቱ ይነገረው፤ ለዚያ ጉዳይ ከሚያስፈልገው በላይ አይጠየቅ፤ ለአንድ ጉዳይ የተሰጠው ለሌላ አይዋል፤ የተሳሳተው ይታረም፤ ጉዳዩ ሲያልቅ አይቀመጥ፤ እስካለ ድረስም በጥንቃቄ ይጠበቅ። ባለቤቱም በንግድ ቤቱ ዘንድ ስለ እርሱ የተያዘውን የመጠየቅ፣ የማሳረም፣ በሕግ በተወሰነው መንገድም የማስሰረዝ መብት አለው። የጤንነት፣ የሃይማኖትና የዘር ነገር ከሌላው የበለጠ ጥበቃ ይሻል። መረጃው ቢሰረቅ ወይም ቢባክን ደግሞ፣ ጉዳዩ በታወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማስታወቅ እንደሚገባ ተደንግጓል። ይህ ሁሉ አንድ ጨዋ ነጋዴ ለተቀመጠበት ገንዘብ ከሚያደርገው የሚለይ አይደለም።

በውጭ አገር ደንበኛ ያላቸው ሰዎች ሌላም ምክንያት አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት ስለ መረጃ ጥበቃ ያወጣው ደንብ ከግንቦት 17 ቀን 2010 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ በአውሮፓ ለሚኖሩ ሰዎች ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚያቀርበውን የውጭ ነጋዴም ይመለከታል። የጎብኝዎችን የፓስፖርት ግልባጭ አስቀድሞ የሚቀበል የጉዞ ወኪል፣ ደንበኛው ከዚያ ሆኖ «ፓስፖርቴን ምን አደረጋችሁት?» ብሎ ሲጽፍለት የሚመልሰው ቃል ሊኖረው ይገባል።

ከነጋዴዎች በኩል የሚቀርበው ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አንደኛው፣ ትንሽ ሱቅ ጠበቃና የኮምፒዩተር ባለሙያ ለመቅጠር አቅም የለውም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁልፍ ያለው መሳቢያ፣ የምሥጢር ቁጥር ያለው ስልክና አሮጌ ወረቀት የሚቀደድበት አንድ ቀን ባለሙያ አያስፈልጋቸውም። ሁለተኛው፣ የባለዕዳውን አድራሻ ካልያዝን በዱቤ እንዴት እንሸጣለን የሚል ነው። አዋጁ መያዝን አልከለከለም፤ ዱቤ የሚሰጥ ሰው ዕዳውን ለመሰብሰብ የሚበቃውን ይይዛል፤ ባለዕዳው እንቢ ቢል መዝገቡን ለፍርድ ቤት ያቀርባል። በፍርድ ቤት ማቅረብና በግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን አንድ አይደሉም። ሦስተኛውም፣ የግብር መሥሪያ ቤት ደረሰኝና መዝገብ ጠብቁ እያለ እንዴት እናጠፋለን የሚል ነው። ሕግ እንዲቀመጥ ያዘዘው የሒሳብ ሰነድ እስከ ዘመኑ ድረስ ይቀመጣል፤ ሊጠፋ የሚገባው ማንም ያላዘዘው፣ ለማንም የማይጠቅም፣ በልማድ ብቻ የተከማቸው ነው።

እንግዲህ አንድ ትንሽ ንግድ ቤት ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርጋቸው የሚችሉት ነገሮች ከዚህ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ የዱቤ ደብተር ከሚዛን አጠገብ ተነሥቶ በመሳቢያ ውስጥ ይቆለፍ። የሚጽፍበትም ሰው የታወቀ ይሁን።

ሁለተኛ፤ መታወቂያ አይቶ መመለስ በሚበቃበት ጊዜ ግልባጭ አይቀር። በተለይም የፋይዳ ቁጥር ሰውን በብዙ መሥሪያ ቤት የሚያስታውቅ ስለሆነ ያለ ምክንያት አይመዝገብ።

ሦስተኛ፤ የንግድ ቤቱ ስልክ ከባለቤቱና ከሠራተኞቹ የግል ስልክ ይለይ፤ የምሥጢር ቁጥርም ይኑረው። ሠራተኛ ሲለቅ ቁልፍ እንደሚያስረክብ ሁሉ በእጁ ያለውን የደንበኞች ቁጥር ያስረክብ፤ የምሥጢር ቁጥሩም በዚያው ቀን ይለወጥ።

አራተኛ፤ ደንበኛ ዕቃው ሲደርስለት እንዲደወልለት የሰጠው ቁጥር ለማስታወቂያ መላኪያ አይሁን። ለሌላ ነጋዴም አይሸጥ፤ በውለታም አይሰጥ።

አምስተኛ፤ አዲስ ልብስ ለብሳ ወይም ጸጉሯን ተሠርታ የወጣችን ደንበኛ ፎቶግራፍ በማስታወቂያ ላይ ከማውጣት በፊት ፈቃዷ ይጠየቅ፤ እንቢ ብትል ዋጋው አይለወጥባት።

ስድስተኛ፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የሒሳብ መዝጊያው ሰሞን፣ ዘመኑ ያለፈበት ወረቀት ተለይቶ ይቀደድ ወይም ይቃጠል። በኪሎ ለመጠቅለያ አይሸጥ። በኮምፒዩተር ያለውም እንዲሁ ይጥፋ።

እነዚህን ነገሮች በንግድ ቤት ውስጥ የሚፈጽማቸው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ አይደለም፤ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ ወይም የሱቁ ልጅ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ለእነዚህ ሰዎች ትእዛዙን በግልጽ ሊሰጣቸው፣ ይልቁንም ራሱ ምሳሌ ሊሆናቸው ይገባል። ጌታው በሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ፣ «እገሌ እኮ የሦስት ወር ዕዳ አለበት» እያለ የሚያወራ ከሆነ፣ ጸሐፊው መሳቢያውን ቢቆልፍ ምን ይጠቅማል?

ከንግድ ምክር ቤቱም የሚጠበቅ አገልግሎት አለ። አዋጁ በሕግ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ብዙ ነጋዴ አያነበውም። ምክር ቤቱ ከተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ጋር ተመካክሮ፣ በአንድ ገጽ ላይ በቀላል አማርኛ የተጻፈ መመሪያ፣ እንዲሁም ንግድ ቤቱ ምን መረጃ ለምን ጉዳይ እንደሚይዝ ለደንበኛ የሚገልጽ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማስታወቂያ ቢያዘጋጅ፣ ለአባሎቹ ትልቅ ውለታ ይሆናል። ባለሥልጣኑም ከትንሹ ነጋዴ ጋር ሥራውን ከቅጣት በፊት በማስተማር ቢጀምር ሕጉ ቶሎ ሥር ይሰዳል።

መመሪያው እስኪመጣ ድረስ ግን መቆየት አያስፈልግም። እያንዳንዱ ነጋዴ ዛሬ ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት የቀኑን ገንዘብ ቆጥሮ ወደ ካዝና ሲያስገባ፣ የዱቤው ደብተር የት እንደሚያድር ዞር ብሎ ይመልከት። ገንዘቡ የእርሱ ነው፤ ቢጠፋ የሚጎዳው እርሱ ነው። በደብተሩ ውስጥ ያለው ግን የሰው ነውና አስቀድሞ ሊቆለፍ የሚገባው እርሱ ነው።