የናይሮቢው እንደራሴ

አቶ ፒዮ ጋማ ፒንቶ በትውልዳቸው ከሕንድ፥ ከጎዋ ወገን ሲሆኑ፥ በእኛ አቈጣጠር በ1919 ዓ.ም. በናይሮቢ ተወለዱ። በሕንድ አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ በጋዜጠኝነት ለኬንያ ነጻነት ደከሙ። በ1946 ዓ.ም. ወይዘሮ ኤማን አግብተው ገና መንፈቅ ሳይሞላ የእንግሊዝ ሹማምንት ያለ ፍርድ ለአምስት ዓመት ያህል አገዟቸው። የሙሽራይቱ ትዕግሥት፥ በእኔ አስተያየት፥ ከባለቤታቸው ተጋድሎ አያንስም። ኬንያ በ1956 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ አቶ ፒንቶ በምክር ቤት እንደራሴ ሆኑ። ዳሩ ግን የካቲት 17 ቀን 1957 ዓ.ም. ከቤታቸው ደጃፍ፥ ትንሿ ልጃቸው ከመኪናው ኋላ ተቀምጣ ሳለች፥ በጥይት ተገደሉ። ስለ ግድያው የተፈረደበት ወጣት እንዳልገደለ እየተናገረ እስከ 1993 ዓ.ም. በወህኒ ቤት ኖረ። ግድያውን አዝዞአል ተብሎ ለፍርድ የቀረበ ሰው ግን የለም።